ሩት ካናል በማሽን ሲሰራ ጥርስ ይሳሳል?

የደረሰኝ ጥያቄ ይህ ነው፦

«ዶክተር እንደምን አሉ። የታች ቀኝ መንጋጋዬን ሩት ካናል ያሰራሁት ካዛንቺስ ነበር፣ በማሽን። ነርቩ ወጥቶ ቱቦው ተሞልቶ አልቋል፣ የቀረው ከላይ የሚለብሰው ክራውን ብቻ ነበር። ከዚያ ክሊኒኩ በኮሪደር ልማቱ ተነሳ፣ እኔም ህመሙ ስለጠፋ ችላ አልኩት፣ ይኸው በጊዜያዊ ሙሌት ሶስት ወር ሆነኝ። አሁን አራት ኪሎ ያለ ሀኪም የላይኛው ቅድመ መንጋጋዬም ሩት ካናል ያስፈልገዋል ብሎኛል። አክስቴ ግን ‹ማሽኑ ጥርሱን ከውስጥ ፍቆ ፍቆ ያሳሳዋል፣ የኔ በእጅ ተሰርቶ ይኸው ሀያ ዓመት፣ የጎረቤቴ በማሽን ተሰርቶ ቆሎ ስትቆረጥም ለሁለት ተሰነጠቀ› ትላለች። እውነት ነው? የላይኛውን በእጅ ይሁንልኝ ልበል? ክራውኑስ የግድ ነው ወይስ ገንዘብ መሰብሰቢያ?»

እህቴ፣ ከሚቸኩለው ልጀምር። ከማሽኑ ይልቅ ያሳሰበኝ ያ ሶስት ወር ነው። ጊዜያዊ ሙሌት ለሳምንታት ተብሎ የሚደረግ ነገር ነው። ይላላል፣ ምራቅ ያሳልፋል፣ ዙሪያውን የቀሩትን የጥርስ ግድግዳዎችም አንድ ላይ አይዝም። ስለዚህ ይህን ሳትጨርሺ ስልክ አንስተሽ ቀጠሮ ብትይዢ አልቀየምም። እስከዚያው በዚያ በኩል ቆሎም፣ ዳቦ ቆሎም፣ አጥንትም እንዳታኝኪ። ጠርሙስ በጥርስ መክፈት የሚባለውንማ አላነሳውም።

አሁን ወደ አክስትሽ። የተናገሩት ከመሬት ተነስቶ አይደለም። ፋይል የሚባለው የቱቦ መፋቂያ የጥርሱን ውስጥ ይፍቃል፣ ስራው እሱ ነው፣ የተፋቀው ደግሞ ተመልሶ አይበቅልም። ማወቅ የሚያስፈልገው ምን ያህል ተፋቀ፣ ከየትኛው ቦታ ተፋቀ የሚለውን ነው። በእጅ ይሁን በማሽን የሚለው ከዚያ በኋላ የሚመጣ ጥያቄ ነው፣ ምክንያቱም በእጅም ብዙ መፋቅ ይቻላል፣ በማሽንም ጥቂት።

ትንሽ ቁጥር ታገሺኝ። ፋይል ቀጭን፣ ዙሪያውን የሚቆርጥ ብረት ነው። ቁጥሩ የጫፉን ውፍረት ይነግረናል፤ 25 ቁጥር ከሆነ ጫፉ ላይ 0.25 ሚሊሜትር ነው። ከጫፉ ወደ ላይ ሲሄድ ይወፍራል፣ የሚወፍርበትን ፍጥነት ቴፐር እንለዋለን። የተለመደው የእጅ ፋይል በየሚሊሜትሩ 0.02 ሚሊሜትር ይጨምራል፣ ማለትም 2 በመቶ ነው። የማሽኖቹ 4፣ 6፣ አንዳንዴም 8 በመቶ ይሆናሉ። አሁን ከጫፉ 10 ሚሊሜትር ከፍ ብለሽ ለኪ። የእጁ 25 ቁጥር 0.45 ሚሊሜትር ላይ ነው። ባለ 4ቱ 0.65፣ ባለ 6ቱ 0.85፣ ባለ 8ቱ ደግሞ እስከ ላይ በዚያው ከቀጠለ 1.05 ይደርሳል። ሁሉም «25 ቁጥር» ናቸው፣ ላይኛው በኩል ግን አንዱ የሌላውን ከእጥፍ በላይ ይወፍራል። አምራቾቹም ይህን ስለተረዱት ብዙዎቹ አዳዲስ ፋይሎች ጫፋቸው አካባቢ ቶሎ ወፍረው ወደ ላይ ሲሄዱ መወፈሩን የሚቀንሱ ተደርገው ነው የሚሰሩት።

አንድ ሚሊሜትር ምን አላት ትዪ ይሆናል። የታች መንጋጋሽ አብዛኛውን ጊዜ ሁለት ስር ነው ያለው። የፊተኛው ስር ከፊትና ከኋላ ጠፍጠፍ ያለ ነው፣ በውስጡም ሁለት ቀጫጭን ቱቦዎች ይኖሩታል። የዚያ ስር የኋላ ግድግዳ፣ ሁለቱ ስሮች ወደሚለያዩበት ሹካ የሚያየው፣ ብዙ ጊዜ ውፍረቱ አንድ ሚሊሜትር ገደማ ወይም ከዚያ በታች ነው። ከውጭም ገባ ያለ ጎድጓዳ አለው፣ ይህ ጎድጓዳ ደግሞ በተለመደው ትንሽ ራጅ ላይ አይታይም። ሀኪሙ በራጁ ተማምኖ ወፍራም ፋይል እዚያ ቢያስገባና ወደ ኋላ ቢጫን ግድግዳውን ወረቀት ሊያደርገው፣ ጭራሽም ሊበሳው ይችላል። በሙያችን ያንን ቦታ የአደጋ ቀጠና የምንለው ለዚህ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ጥርሴ በማሽን ተሰራ» ሲለኝ እምብዛም አልደነግጥም፣ በስንት ቴፐር፣ በየትኛው ስር ላይ ብዬ ነው የምጠይቀው።

ስለ እጅ ስራም አንድ ነገር ልበል። የድሮው የእጅ ፋይል ስቴይንለስ ስቲል ነው፣ እየወፈረ ሲሄድ ግትር ይሆናል። ጎበጥ ያለ ቱቦ ውስጥ ስታስገቢው ቀጥ ማለት ይፈልጋል፣ ቀጥ ሲል ደግሞ ጫፉ ጋ የውጭውን ግድግዳ፣ መሀል ላይ የውስጡን ግድግዳ ይበላል፣ ያውም ያንኑ ቀጭኑን። ቱቦው ድሮ ከነበረበት መስመር ይወጣል። ሌላም አለ። «በእጅ ተሰራ» የሚባለው ስራ ብዙ ጊዜ ሙሉ በሙሉ በእጅ አልነበረም። የቱቦውን አፍ ለማስፋት ጌትስ ግሊደን የሚባል መሰርሰሪያ ይገባ ነበር፣ ዛሬም ይገባል። ከ1 እስከ 6 ቁጥር አለው፣ 1 ቁጥሩ 0.5 ሚሊሜትር፣ 4 ቁጥሩ 1.1፣ 6 ቁጥሩ 1.5 ሚሊሜትር ነው። 4 ቁጥር ጌትስ የገባበት ቱቦ አፉ ላይ አብዛኛው የዛሬ ማሽን ከሚያሰፋው ይበልጥ ሰፍቷል። የአክስትሽ ጥርስ ሀያ ዓመት መቆየቱ ደስ ይለኛል፣ ምክንያቱ ግን የሰሪው ልክ ማወቅና ከላይ የተደረገለት ሽፋን ይመስለኛል። እስቲ ክራውን እንዳላቸው ጠይቂያቸው።

ማሽኑ የመጣውም ይህንኑ የግትርነት ችግር ለመፍታት ነበር። እ.ኤ.አ. በ1988 ዋሊያና ባልደረቦቹ ለጥርስ ማስተካከያ ከሚውል የኒኬልና የቲታኒየም ሽቦ ፋይል ሰርተው ሲፈትሹት ከስቴይንለስ ስቲሉ ከሁለት እስከ ሶስት እጥፍ የሚተጣጠፍ ሆኖ አገኙት። ጎባጣውን ቱቦ ተከትሎ የሚሄድ፣ መሀሉን የሚይዝ ፋይል ማለት ነው። ሞተር ላይ ተገጥሞ መዞር የቻለውም በዚህ ባህሪው ነው። ከዚያ ወዲህ በሙቀት እየታከመ ይበልጥ ለስላሳ ሆኗል፣ አንዳንዱ እንዲያውም በጣት ስታጎብጪው እንደጎበጠ ይቀራል። ለጎባጣ ቱቦ እኔ ያለማመንታት ማሽኑን እመርጣለሁ፣ ከመጀመሪያዎቹ ቀጫጭን የእጅ ፋይሎች በኋላ ማለቴ ነው። መንገዱን በእጅ ሳይጠርጉ ሞተር የሚያስገቡትን አልወድም።

እንግዲህ ፋይሉ የሚቀንሰው ጥንካሬ በቁጥር ሲታይ ምን ያህል ነው? እ.ኤ.አ. በ1989 ሪህ፣ ሜሰርና ዳግላስ የሚባሉ ተመራማሪዎች የተነቀሉ የላይኛው ቅድመ መንጋጋዎችን ደረጃ በደረጃ እየቆረጡ የጥርሱን ግትርነት ለኩ። የሩት ካናሉ ስራ ብቻውን የቀነሰው 5 በመቶ ገደማ ነው። የጥርሱ ማኘኪያ ፊት ላይ ብቻ የተቆረጠ ጉድጓድ 20 በመቶ ቀነሰ። ማኘኪያውን ከፊትና ከኋላ ጎኖቹ ጋር አብሮ የሚያቋርጥ ጉድጓድ ደግሞ 63 በመቶ። ይህ ሙከራ እስከዛሬ የሚጠቀሰው በዚህ ሰፊ ልዩነት ነው።

ልዩነቱ የመጣው ከጎን ጠርዞቹ ነው። የኋላ ጥርስ ከፊትና ከኋላ፣ ጎረቤቱን የሚነካበት ላይ፣ ከፍ ያለ ጠርዝ አለው። እነዚህ ጠርዞች የጭቃ ቤት ማገር ማለት ናቸው፣ የጉንጩን በኩልና የምላሱን በኩል ግድግዳ አስረው የሚይዙት እነሱ ናቸው። አንዱ ሲሄድ ጥርሱ ይላላል፣ ሁለቱም ከሄዱ በእያንዳንዱ ማኘክ ሁለቱ ግድግዳዎች ወደ ውጭ ይለጠጣሉ፣ በዓይን የማይታይ ልጠጣ ነው ግን በቀን ስንት ጊዜ እንደምናኝክ አስቢው። እና አብዛኛው ሩት ካናል የሚሰራለት ጥርስ እነዚህን ጠርዞች ያጣው ፋይል ገና ሳይነካው፣ በመቦርቦር ወይም በድሮ ትልቅ ሙሌት ነው። የጎረቤታቸው ጥርስ ቆሎ ላይ ለሁለት ተሰነጠቀ ሲባል ወዲያው የሚታየኝ ይህ ነው፤ ትልቅ ሙሌት፣ የሄዱ ጠርዞች፣ ክራውን የለም። ማሽኑ ተወቀሰ፣ ቆሎው ተወቀሰ።

ነርቭ የሌለው ጥርስ ይደርቃል፣ እንደ ደረቅ እንጨት ይሰባበራል የሚባለውም ብዙ ሰው አፍ ላይ አለ፣ ከሀኪሞችም ጭምር። እ.ኤ.አ. በ1992 ሴጅሊና ሜሰር ሩት ካናል የተሰራላቸውን ጥርሶች ከዚያው ሰው አፍ በሌላው ወገን ከነበሩ አቻዎቻቸው ጋር አነጻጽረው፣ ጥርሱ በራሱ ተሰባሪ ሆኗል የሚያሰኝ ልዩነት አላገኙም። ደካማ የሚያደርገው የጎደለው አካሉ ነው። በርግጥ ነርቭ ስለሌለው ቀዝቃዛና ትኩስ አይሰማውም፣ ስንጥቅ ቢጀምረው የተለመደውን ማስጠንቀቂያ ሳይሰጥሽ ሊቆይ ይችላል። ይህ እውነት ነው፣ ጥንቃቄ የሚያስፈልገውም ለዚህ ነው።

ስለ ጥቃቅን ስንጥቆች ኢንተርኔት ላይ አንብበሽ ሊሆን ስለሚችል እሷንም ላንሳት። እ.ኤ.አ. ከ2009 ጀምሮ የሚዞሩ ፋይሎች በስሩ ግድግዳ ላይ ስንጥቅ ይፈጥራሉ የሚሉ የላቦራቶሪ ጥናቶች ወጥተው ነበር። የተነቀለ ጥርስ በማሽን ይሰራል፣ ከዚያ ስሩ በመጋዝ ተቆራርጦ በማይክሮስኮፕ ይታያል። ብዙ ስንጥቅ ተገኘ፣ ብዙ ሰውም ደነገጠ። በ2014 ዴ ዴውስና ባልደረቦቹ ስሩን ሳይቆርጡ ማይክሮ ሲቲ በሚባል ውስጥን አጉልቶ በሚያሳይ የራጅ ምርመራ ከስራው በፊትም በኋላም ተመለከቱት። ከስራው በኋላ የታዩት ስንጥቆች ከስራው በፊትም እዚያው የነበሩ ሆነው ተገኙ። መጋዙ፣ የተነቀለ ጥርስ መድረቁ፣ የአነቃቀሉ ጉልበት፣ እነዚህ ሁሉ ስንጥቅ ያመጣሉ። እኔ በዚህ ምክንያት እንቅልፍ አላጣም፣ አንቺም አትጪ።

እንቅልፍ የሚነሳኝ የጥርሱ አንገት ነው። አጥንቱ ከሚጀምርበት መስመር ወደ ላይ አራት፣ ወደ ታች አራት ሚሊሜትር ያለው ዴንቲን (ዋናው የጥርስ አካል)፣ የማኘክ ጉልበት ሁሉ የሚያልፍበት እሱ ነው። ክራውን ሲሰባበር ይቀየራል፣ የስር ጫፍ ቢታመም በቀዶ ህክምና ይቆረጣል፣ ይህን ቦታ ግን የሚተካልሽ የለም። እዚህ ላይ ጥርስ የሚጎዳው ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ በፋይል አይደለም፣ ቱቦውን ለማግኘት በሚቆፈርበት ጊዜ በፈጣን መሰርሰሪያ፣ ከዚያም በወፍራም ጌትስ፣ ከዚያም ለፖስት ሲባል በሚደረግ ቁፋሮ ነው።

ፖስት ላይ ቆም ልበል፣ ሰው «ፒን» የሚለው። ጥርሴን እንዲያጠነክርልኝ ፒን ይግባልኝ ብሎ የሚመጣ ሰው ብዙ ነው። ፖስት ጥርስ አያጠነክርም። ከላይ የቀረ ጥርስ ጠፍቶ ሙሌቱ የሚይዘው ሲያጣ መያዣ እንዲሆን ነው የሚገባው፣ ለመግባት ደግሞ ስሩን ተጨማሪ ይቆፍራል። መንጋጋ ላይ የነርቩ ጓዳ ሰፊ ስለሆነ ሙሌቱ እዚያው ይይዛል፣ ፖስት የሚያስፈልገው አልፎ አልፎ ነው። የላይኛው ቅድመ መንጋጋሽ ላይ ደግሞ ስሩ ቀጭንና ጠፍጣፋ ነው፣ ከላይ እስከ ታች የሚሰነጠቁ ስሮች በብዛት የሚገኙበት ጥርስም እሱ ነው፣ ስለዚህ ፖስት ቢባል «ሳይገባ አይሆንም ወይ?» ብለሽ ጠይቂ።

ቱቦውን የምናጥብበት ፈሳሽ ሶዲየም ሃይፖክሎራይት ነው፣ በረኪና ውስጥ ያለው ያው ነገር። (እቤት በበረኪና ለመጉመጥመጥ ያሰበ ካለ፣ ኧረ ተዉ!) ባክቴሪያ ይገድላል፣ የነርቩን ቅሪት ያሟሟል፣ ያለሱ ሩት ካናል የለም። ላቦራቶሪ ውስጥ ግን በከፍተኛ መጠንና ለረጅም ጊዜ ሲቆይ ዴንቲኑ መታጠፍን የሚቋቋምበትን ጉልበት ይቀንሳል፣ ውስጡ ያለውን ኮላጅን የሚባል ፕሮቲን ስለሚበላ። በልኩ ከተጠቀሙበት ጥቅሙ ያመዝናል። ያለ በቂ እጥበት ስሩን የቆጠበ ሀኪም የቆጠበው ነገር የለም፣ ኢንፌክሽኑ ይመለሳልና።

ፋይል ውስጥ ተሰብሮ ቢቀርስ? ያንቺ ጥያቄ አይደለም፣ ግን ሁሌ ይከተላል። ተሰብሮ የቀረ ቁራጭ በራሱ ስሩን አያደክምም። የሚያደክመው ከጥልቅ ቦታ እሱን ለማውጣት የሚደረገው ቁፋሮ ነው። የስሩ ጫፍ አካባቢ ከሆነና ፋይሉ ከመሰበሩ በፊት ቱቦው በደንብ ከታጠበ ብዙ ጊዜ ትቶ መከታተል ይሻላል።

ክራውን ገንዘብ መሰብሰቢያ ነው ወይ? ለኋላ ጥርስ አይደለም። አኩዊሊኖና ካፕላን በ2002 ባወጡት ጥናት ሩት ካናል ተሰርቶላቸው ክራውን ያልገባላቸው ጥርሶች ከገባላቸው ስድስት እጥፍ በሚደርስ መጠን ጠፍተዋል። የፊት ጥርስ ግን ሌላ ታሪክ ነው። ሶረንሰንና ማርቲኖፍ በ1984 እንዳሳዩት ክራውን የኋላ ጥርሶችን ዕድሜ ጉልህ በሆነ መጠን ሲያሻሽል ለፊቶቹ ያን ያህል አልረዳም። ስለዚህ የፊት ጥርስሽ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ብቻ ኖሮ፣ ቀሪው ሙሉ ሆኖ፣ «ክራውን ካልገባ» ብሎ የሚያስጨንቅሽ ካለ ሌላ ሀኪም ብታማክሪ አይከፋም። ክራውንም ለመግባት ዙሪያውን ይላጫል፣ ነጻ ነገር አይደለም።

ላንቺ እንግዲህ እንዲህ ነው። ክሊኒኩ የት እንደሄደ ፈልጊና ራጅሽን ውሰጂ፣ ካላገኘሽው አዲስ ይነሳል፣ ዋናው ነገር እሱ አይደለም። አዲሱ ሀኪም ሙሌቱን አንስቶ ስንጥቅ እንዳለ፣ ቱቦው አፍ ላይ ምራቅ ገብቶ እንደሆነ ይየው። ሶስት ወር ሙሉ አፉ ተከፍቶ ከቆየ ሩት ካናሉ እንደገና መሰራት ሊኖርበት ይችላል፣ ይህን ሲነግርሽ ሊዘርፈኝ ነው ብለሽ አትሽሺ። ከድዱ በላይ ዙሪያውን ሁለት ሚሊሜትር ገደማ ጤነኛ ጥርስ ክራውኑ የሚያቅፈው መኖር አለበት፣ ከሌለ አስቀድሞ መነጋገር ያስፈልጋል። አንድ ቦታ ላይ ብቻ ድድሽ ጠልቆ ከገባ፣ ወይ ብጉር መሳይ ነገር ወጥቶ መግል ካፈሰሰ፣ ወይ ነክሰሽ ስትለቂ ውግት ካደረገሽ፣ ቀጠሮ ሳትጠብቂ ሂጂ። ስሩ ከላይ እስከ ታች ተሰንጥቆ ከሆነ መፍትሄው አብዛኛውን ጊዜ መንቀል ነው፣ ዝም ባልሽ ቁጥር ዙሪያው ያለው አጥንትም ይሄዳል።

ለላይኛው «በእጅ ይሁንልኝ» አትበዪ። ሀኪሙን ስሩ ስንት ቱቦ እንዳለው፣ እስከ ስንት ቴፐር እንደሚያሰፋው፣ ከዚያ በኋላ ከላይ ምን እንደሚያለብሰው ጠይቂው። የሚያብራራልሽ ከሆነ በምን ይስራው የሚለውን ለሱ ተዪለት። ፊቱን የሚያጠቁር ከሆነ ከአራት ኪሎ እስከ ፒያሳ ባለው መንገድ ብቻ ስንት የጥርስ ክሊኒክ አለ።

የክራውኑ ዋጋ ከከበደሽ ደግሞ ሁለት ነገር አለ። አንዱ ለጊዜው ነው፤ የጥርሱን ጉብታዎች ዝቅ አድርጎ ላያቸውን ኮምፖዚት በሚባለው የጥርስ ቀለም ባለው ሙሌት መሸፈን። የክራውን ያህል አይቆይም፣ አሁን ካለሽበት ግን እጅግ ይሻላል። ሁለተኛው ሙሉ የብረት ክራውን ነው። ነጭ አይደለም ብለው ብዙዎች ይጠሉታል፣ ነገር ግን ስስ ሆኖ መሰራት ስለሚችል ከሴራሚኩ ያነሰ ጥርስ ነው የሚላጨው። የታች የኋላ መንጋጋ ስትስቂም ብዙም አይታይ፣ እኔ ብሆን ብረቱን አስገባ ነበር።